የፍሬ ቅቤ ጠባይ እንደ አበቀለው አገር የሚለይ ስለ መሆኑ

በአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል ባለው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በመካኒሳም ሆነ በላፍቶ፥ ቅቤ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣች የቤት እመቤት ከዋጋው አስቀድማ የምትጠይቀው ቅቤው የየት አገር እንደ ሆነ ነው። ነጋዴው «የሸኖ ነው» ብሎ የመለሰላት እንደ ሆነ በጣቷ ቈንጥራ ታሸተዋለች፤ ለጋ ወይም በሳል መሆኑን ትለያለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው ትነጋገራለች። በዚህ ነገር ከእርስዋ ጋር የሚከራከር ሰው የለም። ላሚቱ የጋጠችው ሣር፥ የጠጣችው ውሃ፥ የዋለችበት ደጋ ወይም ቈላ በቅቤው መዓዛና ጥንካሬ ላይ እንደሚታይ ሽማግሌውም ልጁም ያውቀዋልና። ነገር ግን ከፍሬ ስለሚወጣው ቅቤና ዘይት ሲሆን ይህ ዕውቀት ይረሳል። ዘይት ሁሉ አንድ፥ የፍሬ ቅቤም ሁሉ አንድ ሆኖ ይታሰባል። ከዚህም የተነሣ ንጹሑ ቅቤ ተበርዟል ተብሎ ሲጣል፥ ሌላው ግን ደረቅ ስለ ሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ተብሎ ሲመሰገን ይገኛል።

ለዚህ ነገር የሺያ ቅቤ መልካም ምሳሌ ነው። ሺያ የሚባለው ዛፍ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ምዕራባዊ ቈላ ድረስ፥ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ምድር ላይ፥ ሰው ሳይተክለው በየሜዳውና በየእርሻው መካከል ይበቅላል። በኢትዮጵያ የሚታወቀው በጋምቤላ ክልል ነው። ፍሬው በክረምት መግቢያ በስሎ ይወድቃል። ሥጋው ጣፋጭ ስለ ሆነ ይበላል፤ በውስጡ ያለውን ፍሬ ግን እናቶች ለቅመው፥ ቀቅለው፥ በፀሐይ አድርቀው፥ ቅርፊቱን ሰብረው፥ ቈልተው ይወቅጡታል። ድቁሱን በውሃ እያሹ ሲመቱት ስቡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህም ተሰብስቦ በእሳት ሲነጠር ቅቤ ይሆናል። ከደረቀው የውስጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። ዛፉ ከበቀለ በኋላ እስኪያፈራ ድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ዕድሜው ግን ረዥም ስለ ሆነ አያት የለቀመችበትን ዛፍ የልጅ ልጅም ትለቅምበታለች። የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባቱታ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1352 ወደ ማሊ በሄደ ጊዜ፥ ሊቃውንት ሺያ ነው የሚሉትን ቅባት ለወጥም ለመብራትም ሲያውሉት አይቶ ጽፎአል። ሙንጎ ፓርክ የሚባለው የስኮትላንድ ሰውም በ1796 በኒጀር ወንዝ አገር ስለ አየው፥ የዕፅዋት ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ዛፉን በእርሱ ስም ይጠሩት ነበር።

እነዚሁ ሊቃውንት ሺያን በሁለት ንዑስ ዝርያ ይከፍሉታል። የምዕራቡ «ፓራዶክሳ»፥ የምሥራቁ «ኒሎቲካ» ይባላል። ኒሎቲካ ማለት የዓባይ ማለት ነው፤ በደቡብ ሱዳን፥ በሰሜን ኡጋንዳና በጋምቤላ የሚገኘው ይኸኛው ነው። ስሙም የሚገባ ነው፤ የጋምቤላን ምድር የሚያጠጣው ባሮ ወደ ሶባት፥ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባልና። ከጋና ወይም ከቡርኪና ፋሶ የመጣው የሺያ ቅቤ በመጠነኛ ሙቀት እንደ ሻማ ደረቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በቢላዋ ካልተቈረጠ በጣት በቀላሉ አይነሣም። ከኡጋንዳና ከደቡብ ሱዳን የሚመጣው ግን ለስላሳ ነው፤ ቀኑ የሞቀ እንደ ሆነ ከፊሉ እንደ ዘይት ይፈሳል።

እንግዲህ የምዕራቡን ደረቅ ቅቤ የለመደ ገዢ የምሥራቁን ለስላሳ ቅቤ ባየ ጊዜ ምን ይላል? «ዘይት ተቀላቅሎበታል» ይላል። ዋጋውንም ይቀንሳል፤ ወይም እስከ ናካቴው ይመልሰዋል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ የመጣ የእናቶች የወራት ድካም በአንዲት ቃል ይወድቃል። በሚመጣው ዓመትም ፍሬውን መልቀም ለማንም አይጠቅምም ይባላል፤ የማይለቀም ዛፍ ደግሞ ለከሰልና ለምሰሶ ከመቈረጥ የሚያድነው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የዚህ ልዩነት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለተማሪ ቤት ትምህርት ብቻ ሳይሆን ለፍርድም ያስፈልጋል።

ስብ በዓይን ሲታይ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። እያንዳንዷ የስብ ቅንጣት ግሊሴሮል በሚባል አንድ ግንድ ላይ ሦስት ቅርንጫፎች የተያያዙባት ናት፤ ቅርንጫፎቹም የስብ አሲድ ይባላሉ። ለዚህ ጕዳይ በተለይ የሚፈለጉት ሦስት ዓይነቶች ናቸው፤ ስቴአሪክ፥ ኦሌይክና ሊኖሌይክ። ሦስቱም በርዝመት እኩል ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 18 የካርቦን አተሞች በተርታ ተያይዘው ይገኛሉ። የሚለያዩት በቅርጽ ነው። ስቴአሪክ እንደ ተላገ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው። ኦሌይክ በመካከሉ አንድ ጊዜ ይታጠፋል፤ ሊኖሌይክ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። እንጨት ለቅሞ ሸክም ያሰረ ሰው የዚህን ውጤት ሳይነገረው ያውቀዋል። ቀጥ ያለው እንጨት እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ጠብቆ ይታሰራል፤ ጐባጣው ግን እየተገፋፋ በመካከሉ ክፍት ቦታ ይተዋል፥ እስሩም ይላላል። በስብም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ስቴአሪክ አሲድ ሙቀቱ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም እስኪደርስ ድረስ አይቀልጥም፤ ሻማ ሠሪዎች የሚወዱትም ስለዚህ ነው። ኦሌይክ አሲድ በ13 ዲግሪ ግድም ይቀልጣል። ሊኖሌይክ ግን ውሃ በረዶ በሚሆንበት ብርድ እንኳ አይረጋም፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ግድም እስኪወርድ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቈያል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፤ ቀጥ ያሉት የሚበዙበት ስብ ደረቅ ቅቤ ይሆናል፥ አንድ ጊዜ የታጠፉት የሚበዙበት ለስላሳ ይሆናል፥ ሁለት ጊዜ የታጠፉት የሚበዙበት ዘይት ሆኖ ይፈሳል።

በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰበ የሺያ ፍሬ በመሣሪያ ሲመረመር፥ ስቴአሪክ አሲዱ ከመቶ 28 ጀምሮ እስከ 56 ድረስ፥ ኦሌይክ አሲዱም ከመቶ 34 ጀምሮ እስከ 61 ድረስ ሲለያይ ተገኝቶአል። አንደኛው ሲበዛ ሁለተኛው ያንሳል። በኡጋንዳው ቅቤ ኦሌይኩ ከግማሽ በላይ ሲሆን፥ በቡርኪና ፋሶ ባለው በሞሲ ሕዝብ አምባ ላይ ግን ስቴአሪኩ በርትቶ ሁለቱ ለመስተካከል ይቀራረባሉ። እንግዲህ የምሥራቁ ቅቤ ለስላሳ የሆነው ማንም ዘይት ስለ ጨመረበት ሳይሆን፥ ዛፉ ራሱ የታጠፈውን አሲድ አብዝቶ ስለ ሠራ ነው።

የሚለየው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። በስቡ ውስጥ ቶኮፌሮል የሚባል፥ ከቪታሚን ኢ ወገን የሆነ ነገር አለ፤ ሥራውም ስብ በአየር እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። ደረቅና ሞቃት በሆነው በቻድ አገር፥ በንጃሜና አጠገብ በተሰበሰበው የሺያ ቅቤ በአንድ ግራም ውስጥ በአማካይ 414 ማይክሮ ግራም አልፋ ቶኮፌሮል ሲገኝ፥ ቀዝቀዝ ካለው ከሰሜን ኡጋንዳ ከፍተኛ ቦታ በተሰበሰበው ግን 29 ብቻ ተገኝቶአል። ማይክሮ ግራም ማለት አንድ ግራም ለሚሊዮን ሲከፈል ነው። መጠኑ ኢምንት ቢመስልም፥ ልዩነቱ ከአሥር እጅ በላይ ነው። ሐሩርና ድርቅ የሚያስጨንቀው ዛፍ ለስቡ ዘበኛ አብዝቶ ያቆማል ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይደለም። ለገዢው ግን የሚጠቅመው ሌላው ፊት ነው፤ ዘበኛው ጥቂት የሆነበትን ቅቤ ከፀሐይና ከአየር ጠብቆ በቶሎ መጠቀም ያስፈልጋል።

አሁን ከባድ የሆነው ጥያቄ ይመጣል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው አገሩ ነው ወይስ ዘሩ? የምሥራቁ ዛፍ በምሥራቅ ስለ ቆመ ነው ለስላሳ የሚያፈራው፥ ወይስ ከአባቱ የወረሰው ጠባይ ነው? ብዙ ሰዎች ይህን ሳይለዩ «አየሩ ነው» ብለው ያልፋሉ። ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ አንዱን ዘር በሁለት አገር መዝራት፥ ሁለቱንም ዘር በአንድ አገር መዝራት። በሺያ ይህን ለማድረግ ሃያ ዓመት መጠበቅ ግድ ስለሚሆን፥ መልሱን አስቀድሞ በየዓመቱ ከሚዘሩ ተክሎች መፈለግ ይሻላል።

ለኢትዮጵያ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ኑግ ነው። ኑግ የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ነው፤ ከጥንት ዘመን ጀምሮ በባሕር ተሻግሮ በሕንድም ይዘራል። በኢትዮጵያ የተመረተው የኑግ ዘይት ከመቶው ከ75 እስከ 80 የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ኦሌይኩ ከ5 እስከ 8 ብቻ ነው። በሕንድ የተመረተው ሲመረመር ግን ሊኖሌይኩ ወደ 55 ወርዶ ኦሌይኩ ወደ 25 ከፍ ብሎ ተገኝቶአል። በኢትዮጵያ ወይና ደጋ ኑግ ፍሬውን የሚሞላው በጥቅምትና በኅዳር፥ ሌሊቱ በሚበርድበት ወራት መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

ብርዱ ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው ቢባል፥ ተክል ስብ ሲሠራ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሠራም። አስቀድሞ ቀጥ ያለውን ይሠራል፤ ቀጥሎ አንድ ጊዜ አጥፎ ኦሌይክ ያደርገዋል፤ በመጨረሻም ሁለተኛ አጥፎ ሊኖሌይክ ያደርገዋል። ለእያንዳንዱ ማጠፍ ኤንዛይም የሚባል፥ እንደ እርሾ ያለ ሠራተኛ አለው። ሁለተኛውን የሚያጥፈው ሠራተኛ ሙቀት አይወድም፤ ሙቀቱ ሲበረታ ይደክማል። ስለዚህ ፍሬ በሚሞላበት ወራት ቀዝቃዛ በሆነ አገር ሥራው እስከ መጨረሻው ይፈጸማል፤ በሞቃት አገር ግን ብዙው ኦሌይክ ላይ ይቀራል። የፈረንጅ ሱፍ የሚባለው ቢጫ አበባ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ያው አንድ ዘር በቀዝቃዛ አገር ሲዘራ ሊኖሌይኩ ይበዛል፥ በሞቃት አገር ሲዘራ ኦሌይኩ ይበዛል፤ ይህ ደጋግሞ ተፈትኖ የታወቀ ነገር ነው። ተልባም በብርድ አገር ሲያፈራ ሦስት ጊዜ የታጠፈውን ሊኖሌኒክ የሚባለውን አሲድ ያበዛል። ይህ አሲድ የበዛበት ዘይት አየር ሲነካው እየደረቀ ቅርፊት ስለሚሆን ከጥንት ጀምሮ ለቀለም ሥራ ይፈለጋል፤ የቀለም ፋብሪካ ባለበት በንፋስ ስልክ ለሚያስተምር መምህር ይህ ከተማሪዎች ዓይን የማይርቅ ምሳሌ ነው።

በቅቤ ወገን ደግሞ ካካዎ አለ። ቸኮላታ የሚሠራበት የካካዎ ቅቤ ከማሌዢያ ሲመጣ ደረቅ፥ ከብራዚል ከባሂያ ክፍለ አገር ሲመጣ ለስላሳ፥ ከጋና ሲመጣ መካከለኛ መሆኑን ነጋዴዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። በባሂያ ፍሬው በሚያድግበት ጊዜ ከፊሉ ወራት ቀዝቀዝ ያለ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1980 የተገለጠ አንድ ፈተና ይህን አጸናው። ፍሬው ገና በዛፉ ላይ እንዳለ አንዳንዱን እንዲሞቅ አድርገው ሸፈኑት፤ በሙቀት የበሰለው ፍሬ ቅቤው የጠነከረ ሆነ። ዛፍና ዛፍ፥ ዘርና ዘር ሳይለይ፥ ያደረገው ሙቀቱ ብቻ ነው። እንግዲህ በኑግም፥ በፈረንጅ ሱፍም፥ በካካዎም ነገሩ አንድ መንገድ ይከተላል። ብርድ ሲሆን ተክሉ የታጠፈውን ያበዛል፥ ሙቀት ሲሆን ቀጥ ወዳለው ያዘነብላል።

በዚህ የተነሣ «የሺያውም ነገር ይኸው ነው፤ ኡጋንዳ ቀዝቃዛ፥ ቡርኪና ፋሶ ሞቃት ስለ ሆነ ነው» ብሎ ለመጨረስ ይቸኰላል። መቸኰሉ ግን ያሳስታል። ሉሉ እየተባለ የሚጠራው የደቡብ ሱዳን ሺያ የሚበቅለው በሞቃት ቈላ ነው፤ ቅቤው ግን ለስላሳ ነው። የጋምቤላ ከተማም ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ግድም ብቻ ከፍ ያለች፥ ሐሩር የበረታባት ናት። ሙቀት ብቻ ፈራጅ ቢሆን ኖሮ የዚህ ምድር ቅቤ እንደ ምዕራቡ በጠነከረ ነበር። ስለዚህ በሺያ ነገር የበለጠውን ድርሻ የያዘው ዘሩ ነው ማለት ይገባል፤ ኒሎቲካ በሄደበት ሁሉ ለስላሳነቱን ይዞ ይሄዳል፤ የአገሩ ሙቀትና ብርድ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ዘሩም ቢሆን ራሱ የአገር ሥራ ነው። እልፍ ዘመን በአንድ ምድር ላይ የኖረ ዛፍ ለዚያ ምድር የሚስማማውን ጠባይ ይዞ ይቀራልና። በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ አንዱ ዛፍ ከጎረቤቱ ዛፍ በስቡ ይለያል፤ ስለዚህ የአንድ ዛፍ ፍሬ ተመርምሮ የአገሩ ሁሉ ጠባይ ይህ ነው ተብሎ አይፈረድም።

ለስላሳው ከደረቁ ያንሳልን? ይህ እንደ ፈላጊው ነው። የቸኮላታ ሠሪዎች የሚፈልጉት ስቴአሪኩን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2000 ባወጣው ሕግ በቸኮላታ ውስጥ ከካካዎ ቅቤ ሌላ ከመቶ እስከ 5 ድረስ ሺያን ጨምሮ ስማቸው የተጠቀሰ የዕፅዋት ስቦች እንዲገቡ ስለ ፈቀደ፥ የምዕራብ አፍሪካው ደረቅ ቅቤ በዚያ በኩል ገበያ አለው። ለገላና ለጠጕር ቅባት ለሚሠሩት ግን ለስላሳው ይመረጣል፤ በሰውነት ሙቀት ወዲያው ቀልጦ ይሠርጻልና። ለወጥም ቢሆን ለስላሳው ምላስ ላይ አይረጋም። የጋምቤላው ቅቤ እንግዲህ የምዕራቡን መስሎ ለመሸጥ የሚደክም ከሆነ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው፤ በገዛ ስሙ ሲቀርብ ግን የራሱ ፈላጊ አለው። በሰሊጥ ይህ ተደርጎአል። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራንና የጎንደርን ነጭ ሰሊጥ ከወለጋው ቀይ ሰሊጥ ለይቶ በየስሙ ያገበያያል። ነጩ ለዳቦና ለጣፋጭ፥ የወለጋው በዘይቱ ብዛት ይፈለጋል፤ አንዱ የሌላው ሐሰተኛ ነው የሚል ነጋዴ የለም።

ነገር ግን ጥፋት ሁሉ በአገር ጠባይ ላይ እንዲላከክ አያስፈልግም። የእጅ ሥራም በቅቤ ላይ ታላቅ ኃይል አለው። ፍሬው ተለቅሞ ሳይቀቀል በክምር ብዙ ቀን ከቈየ ይበቅላል ወይም ይሻግታል፤ ያን ጊዜ የስብ አሲዶቹ ከግሊሴሮሉ ግንድ እየተላቀቁ ቅቤው ይኮመጥጣል፥ ጉሮሮን ይከረክራል። ውሃው በደንብ ሳይነጠር የቀረበት ቅቤ በቶሎ ይሸታል። በጢስ የደረቀ ፍሬ ጢሱን ለቅቤው ያወርሰዋል። እንዲህ ያለው ጉድለት ከጋናም ይምጣ ከጋምቤላ ጉድለት ነው። ስለዚህ ገዢ ቅቤን ሊፈትን ሲወድ በአፍንጫውና በምላሱ፥ እንዲሁም በማሰሮው ሥር ውሃና ዝቃጭ መኖሩን በማየት ይፈትን፤ በጥንካሬው ግን አይፍረድ።

በተማሪ ቤት ይህን ለማሳየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መምህሩ በሦስት ብልቃጥ ጥቂት ጥቂት የላም ቅቤ፥ የሺያ ቅቤና የኑግ ዘይት ያድርግ። ጧት ፀሐይ ሳይሞቅ ሦስቱን በአንድ ሳሕን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያቁማቸው። ጥቂት ቈይቶ ልጆቹ የትኛው እንደ ረጋ፥ የትኛው እንደሚፈስ ይዩ። ከዚያ በኋላ ሙቅ ውሃ በዝግታ እየጨመረ የቱ አስቀድሞ እንደሚቀልጥ ያስጽፋቸው፤ ቴርሞሜትር ያለው እንደ ሆነ ዲግሪውንም ያስጽፍ። ሁለት ዓይነት የሺያ ቅቤ ከተገኘ ፈተናው የበለጠ ይጣፍጣል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በአንድ ነገር ነው፤ ሁሉም በአንድ ውሃ ውስጥ፥ በአንድ ሰዓት መታየት አለባቸው። ሙቀቱ ካልተስተካከለ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

ይህ ጥንቃቄ በገበያም የሚረሳ ነው። ያው አንድ ቅቤ በጋምቤላ ቀትር ላይ በማሰሮ ውስጥ ፈስሶ ይታያል፤ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲያድር ደግሞ ረግቶ ይገኛል። በመንገድ ላይ ምንም አልተጨመረበትም፥ ምንም አልተቀነሰበትም፤ የተለወጠው መልኩ እንጂ በውስጡ ያለው የአሲድ መጠን አይደለም። አንዳንድ ጊዜም በጣት ሲታሽ አሸዋ አሸዋ የሚል ሆኖ ይገኛል። ገዢው ይህን ባየ ጊዜ «አሸዋ ደባልቀውበታል» ብሎ ይቈጣል። ምክንያቱ ግን በቈላው ሙቀት የቀለጠው ቅቤ ወደ ደጋ ሲወጣ በዝግታ ስለሚበርድ፥ ቀጥ ያሉት አሲዶች የበዙባቸው የስብ ቅንጣቶች አስቀድመው ለብቻቸው እየተሰበሰቡ ትንንሽ እብጠት መሥራታቸው ነው። አሸዋ ቢሆን ኖሮ በእሳት ባልጠፋ ነበር። ጥቂቱን በማንኪያ አድርጎ ማሞቅ ይበቃል፤ እብጠቱ ሁሉ ይቀልጣል፥ በሥሩም ምንም አይቀርም። ቅቤውን እንደ ገና ለስላሳ ለማድረግ በዝግታ እሳት አቅልጦ፥ ዕቃውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ፥ እስኪረጋ ድረስ እያማሰሉ በቶሎ ማብረድ ነው። ከዚያም አፉን ገጥሞ፥ ከመስኮትና ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ ይገባል።

ቅቤ ነጥረው ለሚሸጡ እናቶች ጽሑፍ የሚጽፍላቸው መምህር ወይም የቀበሌ ጸሐፊ ካለ፥ በዕቃው ላይ «የሺያ ቅቤ» ብሎ ብቻ አይተው። የበቀለበትን ወረዳ፥ ፍሬው የተለቀመበትን ወርና ዓመት፥ ቅቤው የተነጠረበትን ቀን ይጻፍ፤ ከዚህም በታች «የኒሎቲካ ዘር ነው፤ በሙቀት ይፈሳል፥ በብርድ ይረጋል» የሚል አንድ መስመር ይጨምር።